ዝም በእርግጥ አይነቅዝም? ቁጣ፣ ኩርፊያና የሥራ ቡድን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የንግግሬ ርእስ ቁጣን ስለ መግራትና በሥራ ቡድን ውስጥ የሚነሣን ግጭት ስለ መቀነስ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የምክር ይመስላል። ይሁን እንጂ «አትቆጡ፤ ታገሡ፤ ተከባበሩ» ለማለት አልመጣሁም፤ ይህንማ ወላጆቻችን ከእኔ በተሻለ አንደበት ነግረውናል። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ የቡድን መሪ በቁጣ ሲገነፍል ቡድኑ የሚያጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ሰላሙን» ብለን እንመልስ ይሆናል። የእኔ መልስ ግን ሌላ ነው። ቡድኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጣው መረጃን ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የሕፃናትን የአመጋገብ ሁኔታ የሚያጠና አንድ የዳሰሳ ጥናት አስተባብር ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎች፣ የመስክ ተቆጣጣሪዎች፣ መረጃ አስገቢዎችና ሾፌሮች አብረውኝ ነበሩ። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ እጁን አንሥቶ በአንድ ቀበሌ መጠይቆች ላይ የቤተሰብ መለያ ቁጥር ተደበላልቆ መሞላቱን ተናገረ። ያጠፋው እርሱ ነበር፤ ጥፋቱን ሳይደብቅ የተናገረውም ራሱ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን እንጂ አለመደበቁን አላየሁም። ሌሊቱን ስለ በጀቱ ስጨነቅ ነበር ያደርሁት፤ ቱግ አልሁ። «አንተን ማነው ተቆጣጣሪ ያደረገህ?» አልሁት። በዚያም አላበቃሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተናገርሁትን መልሼ ልውጠው አልቻልሁም። ወጣቱ «ይቅርታ ዶክተር» ብሎ ተቀመጠ። ስብሰባው በጸጥታ ቀጠለ፤ መጠይቆቹም በሁለት ቀን ተስተካከሉ። እኔም በልቤ «ቁጣዬ ሥራ ሠራ» አልሁ።

ከአምስት ሳምንታት በኋላ ቁጥሮቹን ስንመረምር አንድ ነገር አልገጥም አለን። ሕፃናቱን የምንለካው በሁለት መንገድ ነበር፤ በክንድ ዙሪያ መለኪያና በሚዛን። አንዱ ቡድን በሠራባቸው ቀበሌዎች መለኪያው የሚናገረውና ሚዛኑ የሚናገረው ተለያየ። ብናጣራ ሚዛኑ ከትክክለኛው ክብደት አስበልጦ ይመዝናል። ደንቡ ሚዛኑ በየጠዋቱ ክብደቱ አስቀድሞ በታወቀ ዕቃ እንዲፈተሽ ያዝዛል፤ ተፈትሾም ነበር። ሁለት ሰዎች ልዩነቱን ካዩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አልተናገሩም። በክንድ ዙሪያ ልኬት ያልተያዙ፣ በክብደታቸው ግን ተለይተው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የነበረባቸው ሕፃናት «ደኅና ናቸው» ተብለው በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። መኪና አስነሥተን፣ ቤት ለቤት ዞረን እንደገና ለካን። ያገኘናቸውን ላክን። ቤተሰቦቻቸው አካባቢውን ለቅቀው በመሄዳቸው ልናገኛቸው ያልቻልናቸውም ነበሩ። ስለ እነርሱ እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።

ልዩነቱን ካዩት ከሁለቱ አንዷን፣ መረጃ ሰብሳቢዋን፣ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። በውስጤ አሁንም እየነደድሁ ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ያን ቀን ስብሰባው ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ምሳሌው ከጎተራ የተወሰደ ነው፤ እህል ቢቀመጥ ነቀዝ ይገባበታል፤ ያልተነገረ ቃል ግን ቢቀመጥ አይበላሽም ለማለት ነው። ጠብ በተነሣበት ሰዓት፣ ነገር ከማባባስ ለመቆጠብ፣ ይህ ምክር ትክክል ነው። ሥራው ማወቅና ማሳወቅ በሆነ ቡድን ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ነቀዝ የገባበት እህል ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሲያሹት ዱቄት ነው። የእኔም ቡድን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነበር። ጭቅጭቅ የለም፤ ሪፖርት በሰዓቱ ይደርሳል፤ ስብሰባው አጭር ነው። ሰላም የመሰለኝ ነገር ፍርሃት ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አለመሆኑን በኋላ ከምርምሮች ተረዳሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 በሆስፒታል ቡድኖች ውስጥ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ስለሚፈጸሙ ስሕተቶች ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ጥሩ አመራርና ጥሩ ግንኙነት ባላቸው ቡድኖች የሚመዘገበው ስሕተት ያነሰ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነበር። ተመራማሪዋ የሰጡት ማብራሪያ በነዚያ ቡድኖች የበዛው ስሕተቱ ሳይሆን ስሕተትን ገልጦ መናገሩ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአንድ የማምረቻ ኩባንያ ውስጥ 51 ቡድኖችን አጥንተው፣ ሰው ሳይዋረድ መጠየቅና ስሕተቱን ማመን በሚችልበት ቡድን ውስጥ መማማር እንደሚጎለብት አሳዩ። ይህንም ሁኔታ ሥነ ልቡናዊ ደኅንነት ብለው ጠሩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያቀርበዋል። በእስራኤል አሪየህ ሪስኪንና ባልደረቦቻቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላ ሕፃናትን የሚያክሙ 24 የሐኪምና የነርስ ቡድኖችን፣ ለልምምድ በተዘጋጀ ሁኔታ፣ አንድ የታመመ ጨቅላ እንዲያክሙ አደረጉ። ለከፊሎቹ ቡድኖች የውጭ አገር ባለሙያ ነው የተባለ ሰው የአገሪቱን ሕክምና የሚያንኳስስ መለስተኛ አስተያየት ሰነዘረ፤ ለቀሩት ምንም ክፉ ቃል አልተነገረም። የተንኳሰሱት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም ሆነ ሕክምናውን በመፈጸም ከሌሎቹ አነሱ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ መረጃ መለዋወጣቸውና አንዱ ከሌላው እርዳታ መጠየቁ ቀንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ጩኸት አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። መለስተኛ ንቀት ብቻ በቃ።

ቁጣ ባልነበረበት፣ ችኮላና ሥልጣን ብቻ በነበሩበት ስፍራ እንኳ ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል የአቪዬሽን ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከግጭቱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት የአንደኛው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ሌላኛው አውሮፕላን መንገዱን ለቅቆ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ «አዎን» አለው። መሐንዲሱ ሁለተኛ አልጠየቀም። ለአደጋው ምክንያት የሆኑ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን የበረራው ዓለም የአብራሪዎችን ጠባይ ለግል ሥነ ምግባራቸው ብቻ አልተወውም። የበታች እንዴት እንደሚጠይቅ፣ የበላይ እንዴት እንደሚመልስ እንደ ሞተሩ አሠራር ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይሰጥ ጀመር።

አሁን ወደ ራሳችን መሥሪያ ቤት ልመለስ። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚያስቀና የቃላት ሀብት አለው፤ ብስጭት፣ ንዴት፣ ቁጣ፣ ኩርፊያ፣ ቂም እንላለን። እነዚህ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ ደረጃም አቅጣጫም አላቸው። ንዴት በውስጥ ያለው እሳት ነው፤ ቁጣ ሲወጣ የሚታየው ነበልባል ነው። ነበልባሉን ማሳየት የሚችለው ግን ሁሉም ሰው አይደለም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ቁጣ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ያደገ ሠራተኛ በአለቃው ላይ አይቆጣም፤ ያኮርፋል። የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል፤ ሰላምታውን ያሳጥራል። ኩርፊያ ያለ ድምፅ የሚገለጥ ቁጣ ነው። ሲሰነብት ቂም ይሆናል፤ ከቡና ላይ ወሬ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሐሜት ይወልዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ አምባጓሮ ወይም ጠብ ማንሣትን፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ሊያሰናብቱ ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል አስቀምጦታል። ተገቢ ነው። ሆኖም ሕግ የሚያየው የሚታየውን ነው። ቡጢ የተሰነዘረበት ቀን በፋይል ይመዘገባል፤ ሁለት ባልደረቦች ሳይነጋገሩ ያለፉት አንድ ዓመት ግን የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ግጭትን መቀነስ ስንል ጠቡን ማስቀረት ብቻ ሳይሆን ኩርፊያውንም ማሳጠር ማለታችን መሆን አለበት።

እንግዲህ የተናደደ ሰው ምን ያድርግ? በመካከላችን ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ይውጣልኝ» የሚለው ነው፤ ንዴት ካልተነፈሰ ያፈነዳል ይባላል። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሆን ተብሎ እንዲናደዱ የተደረጉ ተማሪዎች ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት እንዲመቱ ተደረገ። ንዴታቸው ግን አልበረደም፤ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የተናደዱት እነርሱ ሆነው ተገኙ። እሳትን በማራገብ አያጠፉትም።

ሁለተኛው መልስ «ዋጥ አድርገው» የሚለው ነው። ጄምስ ግሮስ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምረው ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ስሜቱን ከፊቱ ላይ የሚሰውር ሰው ስሜቱን በውስጡ እንደማያጠፋው፣ ሰውነቱም ይበልጥ እንደሚወጠር አሳይተዋል። ከዚህ የተሻለ ሆኖ የተገኘው የነገሩን ትርጉም ገና ሳይግል መልሶ መመዘን ነው። ለምሳሌ «ይህ ሰው ሥራዬን አበላሸብኝ» የሚለውን «ይህ ሰው የተበላሸውን ቀድሞ አሳየኝ» ብሎ ማየት ይቻላል። ይህ ራስን ማታለል አይደለም። በእኔ ታሪክ ሁለተኛው አባባል ከመጀመሪያው ይልቅ እውነት ነበር፤ ቁጣዬ ነው የጋረደኝ።

ከዚህ ተነሥቼ በራሴ ሥራ የያዝኋቸውን አራት ልማዶች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው፣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ክፉ ዜና ሲመጣ መልካም ቃል በቅጽበት አይገኝም፤ ስለዚህ ቀድሞ መቀመጥ አለበት። የእኔዋ እንዲህ ትላለች፦ «ስለ ነገርኸኝ ደግ አደረግህ። ምን ያህሉን ነካብን? አሁንስ ምን ይሻላል?» ይህችን የምናገረው ስላልተናደድሁ አይደለም፤ ንዴቴ እስኪያልፍ ድረስ ቦታ እንድትይዝልኝ ነው።

ሁለተኛው፣ ነገርን በቀጠሮ ማሳደር ነው። የጋለ ነገር ይደር፤ የሚያድረው ግን ሰዓት ተቆርጦለት ይሁን። «ነገ በሦስት ሰዓት ቁጭ ብለን እንነጋገርበት» ማለት ትዕግሥት ነው። ሰዓት ሳይቆርጡ ዝም ማለት ግን፣ ምንም ያህል ትዕግሥት ቢመስል፣ ኩርፊያ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ደግሞ ነገሩን ለሦስተኛ ሰው ማውራትም ሆነ በሐሳብ እያመነዠኩ ማደር ቀጠሮውን ከንቱ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፣ ጉዳዩንና ሰውየውን መለየት ነው። ካረን ጄን እ.ኤ.አ. በ1995 በሥራ ጉዳይ ላይ የሚነሣን ክርክር ሰውን ከሚነካ ግጭት ለይተው አሳይተዋል፤ በኋላ የመጡ ጥናቶችም የሥራ ክርክር ከግል ቅራኔ ጋር ሲጣበቅ ቡድንን እንደሚጎዳ፣ ሳይጣበቅ ሲቀር ግን ጉዳቱ እንደሚቀንስ፣ አንዳንዴም እንደሚጠቅም ጠቁመዋል። «የመለያ ቁጥሩ በእነዚህ መጠይቆች ላይ ተደበላልቋል» የሚለው ሊታረም የሚችል ነገር ይናገራል። «አንተ ግዴለሽ ነህ» የሚለው ግን መልስ እንጂ እርማት አይጋብዝም።

አራተኛው፣ ከሁሉም የከበደኝ፣ በደሉ በተፈጸመበት ቦታ መካስ ነው። በአደባባይ አዋርዶ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የተሰደበው ሰው ይቅር ይል ይሆናል። ዝምታን የተማረው ግን እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሲሰደብ ያየ ሁሉ ነው። ያቺ መረጃ ሰብሳቢ በእኔ አንድም ክፉ ቃል አልተነገራትም። ስብሰባው ላይ ነበረች፤ በቃ።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልናችን አንድ ነገር ልበል። ሁለት ባልደረቦች ሲጋጩ በዕድሜ የገፉት ይገቡና «በሉ ተቃቀፉ፤ ይብቃ» ይላሉ። ይሉኝታ ያለበት ሁሉ ይተቃቀፋል፤ ነገሩ ግን እንዳለ ይቀራል። የአገራችን ሽምግልና በሙሉ ወጉ ሲካሄድ እንዲህ አይደለም። የሁለቱም ወገን ቃል ይሰማል፤ ጥፋቱ ይለያል፤ ካሣው ይነገራል፤ እርቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እኛ በየቢሮው እርቁን ወሰድን፤ መስማቱን ተውን። በዚህ ምክንያት ያው ጠብ በየስድስት ወሩ ይመለሳል።

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ታዲያ በደል ሲፈጸም ዝም እንበል?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር ትምህርቱ የሚነቅፈው ከልክ በላይ የሚቆጣውን ብቻ አይደለም፤ ሊቆጣበት በሚገባው ነገር የማይቆጣውንም ነው። የቁጣ ልክ በምን፣ በማን፣ መቼና እስከ መቼ የሚለው ነው። ደመወዝ ሲዘገይ፣ የአንዱ ድካም በሌላው ስም ሲጻፍ፣ ሰው በጾታው ወይም በትውልዱ ሲናቅ ንዴት ትክክለኛ ምስክር ነው። ቁጣን መግራት በደልን መዋጥ ማለት ሊሆን አይገባም። የበታች ሠራተኛን «ትዕግሥት ተማር» እያልን የበላዩን ግልፍተኝነት «ቆራጥነት» ብለን ከጠራነው፣ ያስተማርነው ራስን መግዛት ሳይሆን መገዛት ነው።

ይህ ሚዛን በሴቶች ላይ ይበልጥ ይዛባል። ቪክቶሪያ ብሬስኮልና ኤሪክ ኡልማን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በሥራ ጉዳይ የተቆጣ ወንድ በተመልካቾች ዘንድ ከፍ ያለ ደረጃ ሲሰጠው፣ በተመሳሳይ ጉዳይ የተቆጣች ሴት ዝቅ ተደርጋ ተገምታለች። የእርሱ ቁጣ ከሁኔታው የመጣ፣ የእርሷ ከጠባይዋ የመነጨ ተደርጎ ተቆጠረ። ስለዚህ ስለ ቁጣ ደንብ ስናወጣ፣ ደንቡ ከሁሉ አስቀድሞ ማሰር ያለበት ቁጣው ዋጋ የማያስከፍለውን ሰው ነው፤ እርሱም አለቃው ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች፣ ነገ በቡድን ውስጥ የበታች ሆናችሁ ለምትጀምሩት፣ አንድ ቃል አለኝ። ስታኮርፉ የኩርፊያችሁን ዕድሜ ቁረጡ። በሁለት ቀን ውስጥ አንዲት ነገር ተናገሩ፦ «ያ የተባለው ነገር አሳዝኖኛል፤ ሥራውን ግን መነጋገር አለብን»። ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻችሁን ማለት ካልቻላችሁ ሁለት ሆናችሁ በሉት፤ በአፍ ካልሆነላችሁ ጽፋችሁ ስጡ። ሚዛኑ ተሳስቶ ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ የአለቃችሁ ፊት ቢጠቁር ይጥቆር፤ የሚመዘነው ሕፃን እናንተ ስትኮራረፉ አይጠብቅም።

ልጨርስ ነው። ከሚዛኑ ነገር በኋላ፣ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም በተቀመጡበት፣ ያን ወጣት ተቆጣጣሪ ይቅርታ ጠየቅሁት። የተናገርሁትን ደግሜ፣ ስሕተት እንደነበረ፣ እርሱ ያደረገውም ትክክል እንደነበረ ተናገርሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የጠበቅሁት ነገር አልመጣም፤ ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ምንም አላለም። ወጣቱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አቀረቀረ። ከንቱ የቀረ መሰለኝ።

በሳምንቱ፣ ስብሰባው ሊበተን ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሾፌራችን እጁን አነሣ። በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም ነበር። «ዶክተር፣ የመኪናው ፍሬን ከሰሞኑ አላማረኝም» አለ። ያን ቀን ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ልንወጣ ነበር። መኪናው ጋራዥ ገባ፤ ሥራው አንድ ቀን ተጓተተ። ውስጤ የተለመደው ግለት ሲነሣ ተሰማኝ፤ የቀኑ ወጪ፣ የሚጠብቁን ሰዎች፣ የሚያልፈው ጊዜ። ያቺን ያዘጋጀኋትን ዓረፍተ ነገር ግን አወጣኋት፦ «ስለ ነገርኸኝ ደግ አደረግህ» አልሁት።